ቡናው ውስጥ የሚጠፉት ቢከኖች

ጅማ ዝናብ አይጠፋትም። ቡና መጋዘን ውስጥ እርጥበቱን ካልተከታተሉት ሻጋታ አይቀሬ ነው። ለዚህ ብለን ኬሻዎቹ መሃል እርጥበትና ሙቀት የሚለኩ የብሉቱዝ ቢከኖች (የለኩትን በሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጩ ትንንሽ መሣሪያዎች) አስቀመጥን። መጋዘኑ ባዶ እያለ ሁሉም ስልኩ ላይ ይታዩ ነበር። ቡናው ሲገባ የመሃሎቹ ድራሻቸው ጠፋ።

“ባትሪ ነው” ተባለ። ሲአር2032 የሚባለውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አውጥቼ ለካሁት፤ 3 ቮልት፣ ምንም አልሆነም። ቢከኑን መተላለፊያው ላይ ሳስቀምጠው ወዲያው ታየ። መልሼ ስከተው ጠፋ። ጥፋቱ የቡናው ነበር! ደረቅ የምንለው ቡና እንኳ 11 በመቶ ገደማ ውሃ አለው። ብሉቱዝ የሚሠራበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ ውሃ ይውጠዋል። አንድ ኬሻ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ሲደራረብ ግን ግድግዳ ነው።

ስለዚህ መለኪያው በሽቦ የሚወጣለትን ዓይነት ቢከን ተጠቀምኩ። መለኪያው ኬሻ ውስጥ፣ ሬዲዮው ውጭ፣ ወደ መተላለፊያው ዞሮ። መረጃውን የምትቀበለውን ኢኤስፒ32 (ዋይፋይና ብሉቱዝ ያላት ትንሽ ሰሌዳ) ከብረት ምሰሶው ነቅዬ ከክምሩ በላይ እንጨት ላይ ሰቀልኳት፤ ከጣሪያው ቆርቆሮም ራቅ አደረግኳት። ዋይፋይና ብሉቱዝን በአንድ ሬዲዮ ስለምታፈራርቅ፣ መረጃውን አጠራቅማ በየ5 ደቂቃው እንድትልክ አዘዝኳት። አሁን የሚጠፋ የለም።

በሲግናሉ ጥንካሬ ርቀት በሜትር ለመለካት ግን አትድከሙ። ሰው በመሃል ሲያልፍ እንኳ ቁጥሩ ይዘላል። ቢከኑ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ግን ይበቃል።