«ስትወልጂ ይተውሻል» ለተባለች፦ ከባድ የወር አበባ ሕመምን ለሐኪም እንዴት ማስረዳት ይቻላል

የወር አበባ ቁርጠት የተለመደ ነው። ከሥራ የሚያስቀር፣ የሚያስታውክ፣ በማስታገሻ የማይበርድ ሕመም ግን መመርመር አለበት። ከመንስኤዎቹ አንዱ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው፤ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ የሚመጣ። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን ያጠቃል። እርግዝና ሕመሙን ለጊዜው ሊያበርደው ቢችልም ሕክምና አይደለም።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር መዝግቢ። ደሙ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን፣ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደቀየርሽ፣ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደወሰድሽ ይጻፍ። ከወር እስከ ወር ስትቆጥሪ የጳጉሜን ቀናት እንዳትዘልያቸው፤ ከዘለልሻቸው ዑደቱ ያጠረ ይመስላል። ከቁጥሩ ጎን ሕመሙ ምን እንዳስተጓጎለ አስፍሪ። «8 ነው» ሲባል ሊታለፍ ይችላል፤ «ማክሰኞ ሥራ አልገባሁም፣ ሁለቴ አስታወከኝ» ግን ካርድ ላይ ይጻፋል።

«ማስታገሻ አልሠራልኝም» ካልሽ አወሳሰዱን ተናገሪ። ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም፣ ምግብ ተበልቶ፣ ሕመሙ እንደጀመረ፣ በየ8 ሰዓቱ ነው ወይስ ከበረታ በኋላ አንድ ፍሬ ብቻ? ዘግይቶ የተወሰደ ብዙ ጊዜ አያስታግስም፤ ሐኪሙም መጠኑን ሳያውቅ ቀጣዩን ሊመርጥ አይችልም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ካለብሽ፣ ወይም እርግዝና ከጠረጠርሽ ሳትጠይቂ አትውሰጂው።

ምርመራ ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር የሚበላሸው በሰላምታው ነው። «እንዴት ነሽ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዳችን ነው፤ ጭምትነታችንም ሕመሙን ቀላል ያስመስለዋል። ሰላምታውን መልሺና ወዲያው «ዶክተር፣ ከ6 ወር ጀምሮ በየወሩ 3 ቀን ከአልጋ አልነሳም» በይ። «ያመኛል» ብቻ አይበቃም፦ ይቆርጣል? ይወጋል? ይጠዘጥዛል? ወደ ወገብ ወይስ ወደ ጭን ይወርዳል? በግንኙነት ወይም በመጸዳዳት ጊዜ የሚሰማ ሕመም ለመናገር ይከብዳል፣ ግን ለምርመራው ትልቅ ፍንጭ ነው። ካፈርሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ። አብሮሽ የመጣ ዘመድ ካለ «ለብቻዬ ላናግርዎ» ማለት መብትሽ ነው።

አልትራሳውንድሽ ጤናማ ከሆነ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ በአልትራሳውንድ ላይታይ ይችላል። «ምንም የለብሽም» ከተባልሽ በእርጋታ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ እስካሁን የትኞቹ በሽታዎች አለመሆናቸው ተረጋገጠ? ይህ መድኃኒት በስንት ወር ካላሻለኝ ልመለስ? ወደ ማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሪፈር ይጻፍልኛል? ሪፈር ከተከለከልሽ ምክንያቱ ካርድሽ ላይ እንዲሰፍር ለምኚ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለሽ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፊ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ወደ ኪስሽ ሊመልሰው ይችላል። የውጤቶችሽን ፎቶ አንሺ፤ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ከዜሮ አትጀምሪም።

ቀጠሮ የማይጠብቅ አለ፦ ወር አበባ ቀርቶ ድንገት የመጣ የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ትኩሳት የተቀላቀለበት ሕመም፣ ወይም በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ። ያኔ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።