የብየዳ ጭስ በበያጆች ጤና ላይ የሚያስከትለው ችግርና መፍትሄው

በደሴና በኮምቦልቻ ሥራ ቤቶች በርና መስኮት ሲበየድ የሚነሳው ጭስ፣ በሙቀት የተነነው ብረት መልሶ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠሩ ጠጣር ብናኞች ስብስብ ሲሆን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከ100 ናኖ ሜትር ያንሳሉ። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ብናኞቹ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ የሚዘልቁት ከዚህ ደቃቅነታቸው የተነሳ ነው።

ምልክት፦ ከሥራ በኋላ ማታ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ጥማትና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ወይም ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ኦክሳይድ ጭስ ነው። ሕመሙ ጭሱ ከተሳበ ከ4 እስከ 10 ሰዓታት ባለው ጊዜ ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። በየቀኑ ለጭሱ የሚጋለጥ ሰውነት በመጠኑ ስለሚለምደው፣ እሑድ ያረፈ በያጅ ሰኞ ማታ ይበልጥ ይታመማል። ኮምቦልቻን በመሰለ ወባ ባለበት አካባቢ ይህ ትኩሳት በቀላሉ ከወባ ጋር ስለሚምታታ፣ የደም ምርመራው ሳይቀር፣ በዕለቱ ምን ዓይነት ብረት እንደተበየደ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ካድሚየም የተለበጠ ብረት ሲበየድ ግን በአጀማመሩ ይህንኑ የሚመስል፣ ሆኖም ሳንባን ውሃ አስቋጥሮ ሊገድል የሚችል ጉዳት ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ካጠረ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

መፍትሄው ከመበየድ በፊት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለውን ልባጥ፣ መከላከያ አድርጎ፣ በግራይንደር ማንሳት ነው።

ምልክት፦ በእረፍት ቀናት የሚሻል፣ ሥራ ሲጀመር የሚመለስ ሳልና የደረት መታፈን

ይህ የአየር ቧንቧ ብግነት ወይም ከሥራ የመጣ አስም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በአይዝጌ ብረት ጭስ ውስጥ ያሉት ክሮሚየምና ኒኬል አስም ያስነሳሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

መፍትሄው ከአየሩ ይጀምራል፦ ፊትን ከጭሱ አምድ ማራቅ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አለመበየድ፣ ከተቻለም ጭሱን ከመነሻው አጠገብ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ መትከል። አፍ ላይ የሚጠመጠም ሻሽም ሆነ የሕክምና ጭንብል በጠርዙ ስለሚያሾልክ አይበቃም። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የተባለው ጭንብል ግን ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ናኖ ብናኞችን ጭምር ያስቀራል፤ እጅግ ደቃቅ ብናኝ በአየር ውስጥ እየተወዛወዘ ስለሚጓዝ ከማጣሪያው ክሮች ጋር ይጋጫልና። ጢም ካለ ጭንብሉ አይገጥምም።

ከብየዳ በኋላ የሚጠጣ ወተት ሳንባን ያጥባል የሚባለው እምነት ሰዎችን ያዘናጋል፤ ወተቱ የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነውና አንድም ብናኝ ከሳንባ አያወጣም። ቀጣሪ ለወተት የሚያወጣውን ገንዘብ ለጭንብል ቢያውለው ሠራተኛውን በእርግጥ ይጠብቀዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማሳወቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።