ኮረብታ ናት ብላችሁ አትናቋት፦ በእንግሊዝ ገጠር በማውንቴን ባይክ ሲወጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ማውንቴን ባይክ፣ ማለትም የተራራ ሳይክል፣ ገዝቼ ቤት ሳስገባ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ማውንቴኑስ የታለ?» አለ። እውነቱን ነው። ከሎንዶን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ብትሉ የምታገኙት ተራራ አይደለም። ክብ ክብ ያለ አረንጓዴ ኮረብታ፣ በግ፣ የቁጥቋጦ አጥር፣ አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብስኩት ቆርቆሮ ላይ የሚሣለው ዓይነት አገር።

ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ገርነቱ ነው። እኔ እዚህ አገር ያልሠራሁት ስህተት የለም። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ከፍታውን አይቶ መናቅ

ሳውዝ ዳውንስ ዌይ የሚባል መንገድ አለ። ከዊንቸስተር ተነስቶ ኢስትቦርን ባሕር ዳር ይደርሳል። 160 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1972 በይፋ የተከፈተ ሲሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳይክል መሄድ ይቻላል። በላዩ ላይ ካሉት ታዋቂ ጫፎች አንዱ ዲችሊንግ ቢከን ነው፤ ቁመቱ 248 ሜትር። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦን የለመደ ሰው በ248 ሜትር አይደነግጥም። እኔም አልደነገጥኩም።

ችግሩ አንዴ ወጥታችሁ አለመጨረሳችሁ ነው። ይህን የኮረብታ ሰንሰለት አሩን፣ አዱር፣ ኡዝና ከክሚር የሚባሉ ወንዞች ቆራርጠውታል። ለፍታችሁ ትወጣላችሁ፤ ጥቂት ነፋስ ትቀበላላችሁ፤ ከዚያ ወንዙ ድረስ ትወርዱና እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ሙሉውን መንገድ የሄደ ሰው ሲደማመር ከ3,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገቶቹ አጭር ናቸው፣ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው። ለመጀመሪያ ቀን 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። በቀላሉ ማርሽ ውጡ፣ ማንም አያያችሁም።

በነገራችን ላይ «ዳውንስ» የሚለው ስም ቁልቁለት ማለት አይደለም። ኮረብታ ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ መጀመሪያውኑ እጠረጥር ነበር።

የቀስቱን ቀለም አለማየት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። እኛ አገር እግር የረገጠው ሁሉ መንገድ ነው። ሰውም፣ አህያም፣ ሳይክልም ይሄድበታል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ቀጫጭን መንገዶች በሕግ ፍጹም የተለያዩ ናቸው።

ልዩነቱን የሚነግራችሁ በር ላይ ወይም እንጨት ላይ የተለጠፈች የእጅ መዳፍ የምታክል ቀስት ናት። ቢጫ ከሆነች ፉትፓዝ ነው፤ ለእግረኛ ብቻ። ሰማያዊ ከሆነች ብራይድልዌይ ነው፤ ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለሳይክል። ወይን ጠጅ ቀለም ከሆነች ሞተር የሌለው ሁሉ ያልፋል። ቀይ ከሆነች ባይዌይ ነው፤ መኪናና ሞተርሳይክልም ሊመጣባችሁ ይችላል። ሳይክል በብራይድልዌይ ላይ መሄድ የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የገጠር አዋጅ ነው። አዋጁ ግን ግዴታም አስከትሏል፦ ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ መስጠት።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከገበሬ ነው። ቺልተርንስ በሚባሉት ኮረብታዎች ውስጥ ስልኬ ያወጣልኝን መስመር እየተከተልኩ የስንዴ ማሳ መሐል ገባሁ። ሰውየው ከትራክተሩ ወረደ። አልጮኸም። «ቀስቷን አይተሃታል?» አለኝ። የትኛዋን ቀስት? አብሮኝ እስከ በሩ ድረስ ተመለሰና በጣቱ አሳየኝ። ቢጫ። ግማሿን ቁጥቋጦ ሸፍኗታል። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ፣ «ትናንትም አንዱ እንዲሁ ነው ያለኝ» ብሎ ሄደ። ከስድቡ ትሕትናው የባሰ አሳፈረኝ።

በፉትፓዝ ላይ ሳይክል መንዳት ባብዛኛው ወንጀል ተብሎ ፖሊስ አያስጠራም። የሰው መሬት ያለ ፈቃድ መግባት ነው። ባለመሬቱ ውጣ ካላችሁ ግን መብቱ ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ሁለት ወጥመዶች ልጨምር። አንደኛው የባሉጥ ፍሬ ምልክት ነው። ይህ ምልክት «ናሽናል ትሬል (በአገር ደረጃ የታወቀ ረጅም መንገድ) ነው» ማለት እንጂ «ሳይክል ይገባል» ማለት አይደለም። ሪጅዌይ የሚባለውን መንገድ እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ከኤቭበሪ አጠገብ ተነስቶ 139 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የምዕራቡ ክፍል ለሳይክል ግሩም ነው። ጎሪንግ ላይ ቴምስን ከተሻገራችሁ በኋላ ግን ብዙው ቦታ ፉትፓዝ ይሆናል፤ ምልክቱ ያው ባሉጥ ነው። ኮትስወልድ ዌይ የሚባለውም መንገድ እንደዚሁ ዋናው ተጠቃሚ እግረኛ ነው።

ሁለተኛው የስልክ አፕ ነው። አፑ ሌላ ሰው በስህተት የሄደበትን ሊያወጣላችሁ ይችላል። የአገሪቱ የካርታ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያትመውን ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ኤክስፕሎረር ካርታ ተመልከቱ፤ በስልክም ይገኛል። አረንጓዴ አጫጭር ሰረዝ ፉትፓዝ፣ አረንጓዴ ረዣዥም ሰረዝ ብራይድልዌይ ነው። ማታ ቤት ቁጭ ብላችሁ ረዣዥሙን ሰረዝ ብትቀጣጥሉ የራሳችሁን መንገድ ሠራችሁ ማለት ነው። እኔ ከመንዳቱ ያልተናነሰ የምወደው ይህንን ሥራ ነው።

(ስኮትላንድ ሌላ ሕግ አላት፣ እጅግ ሰፊ ነው። ይህ ሁሉ ቀለም የእንግሊዝና የዌልስ ጉዳይ ነው።)

በጭቃ ወራት ቆላውን መምረጥ

እኛ ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ ነው። የነሱ ጭቃ ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። አፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሳውዝ ዳውንስ የጠመኔ ድንጋይ ነው፤ አዎ፣ የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ። ውኃ ቶሎ ያሰርጋል። ከሥሩ ያለው ዊልድ የሚባለው ዝቅተኛ አገር ደግሞ ሸክላ አፈር ነው። መረሬ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል።

አንድ ጃንዋሪ «ዛሬስ ዳገት አልወጣም» ብዬ በዝቅተኛው በኩል ሄድኩ። አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬው መዞር አቆመ። በእንጨት እየፈለፈልኩ አወጣለሁ፤ ሃያ ሜትር እሄዳለሁ፤ እንደገና ይሞላል። በመጨረሻ ሳይክሉን ተሸከምኩት። ክብደቱ ከጭቃው ጋር እጥፍ የሆነ መሰለኝ።

በዝናብ ወራት ከፍ ባለው ጠመኔ ላይ ቆዩ። ግን እርጥብ ጠመኔ ሳሙና ነው። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን በድንገት ከያዛችሁ መሬት ላይ ናችሁ።

አንድ ካላማዳሪ ይዞ መውጣት

ጠመኔው ውስጥ ባልጩት አለ። ሲሰበር ጠርዙ ምላጭ ነው፣ የጎማ ጎን ይቀድዳል። ሌላው ጠላት ከመስከረም ጋር ይመጣል። በእንግሊዝ የእርሻ የቁጥቋጦ አጥር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 አይቆረጥም፤ ወፎች ጎጆ ስለሚሠሩበት ነው። ሴፕቴምበር ሲገባ ትራክተሮቹ ይወጣሉ። ሆውቶርን የሚባለው የአጥር ቁጥቋጦ እሾህ መንገዱ ላይ እንደ ሚስማር ይበተናል።

ጎሚስታ ጥግ ላይ አይጠብቃችሁም። ሁለት ካላማዳሪ፣ ፖምፓና ጎማ ማውለቂያ ያዙ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። እኔ ሳልዳብስ አስገብቼ ያው እሾህ ሁለተኛውንም በላብኝ። ወጪ ከቻላችሁ ካላማዳሪ የሌለው፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበት ጎማ ይሻላል።

ፈረስን ከኋላ መጥቶ ማስደንገጥ

ሳይክል ድምፅ የለውም። ፈረስ ደግሞ ድምፅ አልባ ነገር ከኋላው ሲመጣ አውሬ ይመስለዋል። ከሩቅ ፍጥነት ቀንሱና በሰው ድምፅ «ሄሎ» በሉ። ፈረሱ ሰው መሆናችሁን ያውቃል፣ ጋላቢዋም ታዘጋጀዋለች። ከዚያ በሰፊው ራቅ ብላችሁ እለፉ። «ቆዩ» ካለች ቁሙ። አመስግናችሁ ነው የምትሄዱት፣ የገጠሩ ሰው በዚህ ጎበዝ ነው።

ላሚቱን እረኛ አላት ብሎ ማሰብ

ከብት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ እዚህ እረኛ የለም። መንገዱ በቀጥታ በግጦሹ መሐል ያልፋል፣ ላሞቹም ከናንተ ጋር ብቻቸውን ናቸው። ጥጃ ያላት ላም ካያችሁ በላሟና በጥጃዋ መካከል አትግቡ። ውረዱ፣ ሳይክሉን እየገፋችሁ ዞር ብላችሁ እለፉ። በሩን ደግሞ እንዳገኛችሁት ተዉት። ተዘግቶ ከነበረ ዝጉት፤ ተከፍቶ ከነበረ ከብቱ ውኃ የሚያገኘው በዚያ ሊሆን ይችላልና አትዝጉት።

በቁምጣ ረጅም ሣር ውስጥ መግባት

ሳማ እዚህም አለ። ጁን ላይ መንገዱን ከሁለት በኩል ይዘጋዋል። እንግሊዞች ሲለበለቡ ዶክ የሚባል ቅጠል ያሹበታል፤ የመቅመቆ ዘመድ ነው። ሣሩ ውስጥ መዥገርም አለ፣ ላይም የሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ማታ ከጉልበታችሁ ኋላ ፈትሹ።

ሰዓቱን አለማስላት

ዲሴምበር ላይ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ሳትይዙ አትውጡ። ባቡርም አለ፦ ብዙዎቹ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ሰው በሚበዛበት ሰዓት የማይታጠፍ ሳይክል አያስገቡም። ቅዳሜና እሑድ ይቀላል።

ፐብ የሚባለው የመንደር መጠጥና ምግብ ቤትም ሰዓት አለው። ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዱ ጋ ደረስኩ። እሳቱ ይነዳል፣ ውሻ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል፣ የሥጋ ሽታ አለ። ከቀኑ ለ9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ፊቴን አየች፣ ጭቃዬን አየች፣ «ኩሽናው አሁን ተዘጋ» አለችኝ። ምሳዬ ሁለት ፓኬት ቺፕስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አይጠፋም።