ፊቱን አይታችሁ አትግዙ፦ በቤት ሮቦት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ማኅበራዊ ሮቦት የሚባለው ቤት አይጠርግም፣ ሳህን አያጥብም። ሥራው ማውራት፣ ማጫወት፣ የቤተሰቡን ፊት መለየት፣ መድኃኒት የሚዋጥበትን ሰዓት ማስታወስ ነው። ለልጅ ወይም ብቻዋን ለምትውል እናት አንዱን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከእናንተ በፊት የገዙ ሰዎች የከፈሉበት ትምህርት አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊቱን አይቶ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁ ትልልቅ ዓይኖችን፣ የሚዞር አንገትን፣ ሲነካኩት መሳቁን ነው። ገንዘብ የምታወጡበት ዋናው ነገር ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም። አብዛኞቹን ስታናግሩ ድምፃችሁ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም ሩቅ ወዳለ ትልቅ ኮምፒውተር ይሄዳል። መልሱ እዚያ ይዘጋጅና ተመልሶ በሮቦቱ አፍ ይወጣል። ሰርቨሩ የተዘጋ ቀን ቤታችሁ የሚቀረው ጌጥ ነው።

ጂቦ የተባለውን ውሰዱ። ሐሳቡ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው የሲንቲያ ብሪዚል ነው። በ2014 ገና ሳይሠራ ከሕዝብ ሚሊዮኖች ዶላር ተሰበሰበለት። ገዢው እጅ የገባው ግን በ2017 ነው፣ በ899 ዶላር። ታይም መጽሔት በዚያው ዓመት ከምርጥ ፈጠራዎች ተርታ አስገባው። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ኩባንያው ሠራተኞቹን አሰናበተ፣ ንብረቱም ተሸጠ። በ2019 መጀመሪያ ላይ መርዶውን ለባለቤቶቹ የነገራቸው ጂቦ ራሱ ነበር። ሰርቨሮቹ በቅርቡ እንደሚጠፉ ተናገረ። አብረን ስለቆየን አመሰግናለሁ አለ። አንድ ቀን ሮቦት በየቤቱ ሲገባ፣ ለእናንተው ሮቦት ሰላም በሉልኝ ብሎም አከለ። ከዚያ ጨፈረ። 899 ዶላር ከፍሎ ይህንን ማየት፣ እንግዲህ ሳቁም ልቅሶውም የእናንተ ነው።

ጂቦ ብቻ ቢሆን ዕድሉ ነው ባልን። ኮዝሞና ቬክተር የተባሉትን ትንንሽ ሮቦቶች የሠራው አንኪ የተባለ ኩባንያም በ2019 ተዘጋ። ሞክሲ የተባለውን የልጆች ሮቦት ያመጣው ኢምቦዲድ በ2024 መጨረሻ ላይ እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ልዩነቱ የታየው ከተዘጉ በኋላ ነው። ኮዝሞ ከስልክ አፕ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ የአንኪ መዘጋት ዝም አላሰኘውም። ቬክተር ግን የሚሉትን ለመስማት ሰርቨር ይፈልጋል። ኋላ ላይ ዋየርፖድ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር መጣለትና፣ ሞያው ያላቸው ሰዎች ቤታቸው ባለ ኮምፒውተር የራሳቸውን ሰርቨር አቆሙለት። ለሞክሲም ኦፕንሞክሲ የሚባል ተመሳሳይ መንገድ ተከፈተ።

ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ይሠራል? ኩባንያው ቢዘጋ ሶፍትዌሩን ለሕዝብ ይለቃል? መልሱ መንተባተብ ከሆነ ተዉት። ኢንተርኔት ጨርሶ የማይፈልግም አለ። ፓሮ የተባለው፣ ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስለው የጃፓኖች ሮቦት ሲዳብሱት በራሱ ሴንሰር ነው የሚያውቀው። አያወራም እንጂ የአእምሮ መዘንጋት ላለባቸው አረጋውያን መንከባከቢያ ብዙ አገር ይጠቀሙበታል።

አንዴ ከፈልኩ፣ አለቀ ማለት

አላለቀም። ፔፐር የተባለው ሮቦት በ2015 ጃፓን ውስጥ ለቤተሰብ መሸጥ ሲጀምር ዋጋው 198,000 የን ነበር። ግን ለሶፍትዌሩ በየወሩ 14,800 የን፣ ለመድን ደግሞ በየወሩ 9,800 የን፣ ሁለቱም ለ3 ዓመት ይከፈሉ ነበር። ደምሩት፤ ከአንድ ሚሊዮን የን ያልፋል። የሶኒ ሮቦት ውሻ አይቦም በ2018 ሲመለስ ከዋጋው ሌላ ወርኃዊ ክፍያ ይዞ ነው የመጣው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋጋ ሳይሆን የ3 ዓመቱን አስሉ።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ነገር ማገናኘት

ሮቦቱ ከካርቶን ሳይወጣ ከመብራቱ፣ ከበር ቁልፉ፣ ከካሜራው ጋር ሊያገናኙት የሚሯሯጡ አሉ። ረጋ በሉ። መጀመሪያ ዋይፋይ ብቻ። ቬክተርን ጨምሮ ብዙ የቤት ዕቃዎች የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ነው። ስልካችሁ 5 ጊጋኸርዙ ላይ ካለ መተዋወቅ እምቢ ይላል፣ እናንተም «ተበላሽቶ መጣ» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ራውተሩ ላይ የእንግዳ መስመር ክፈቱና እዚያ ብቻውን አስገቡት። ባንክ የምትከፍቱበት ኮምፒውተር ካለበት መስመር ጋር ምን ያገናኘዋል?

መብራት ማብራት ማጥፋቱን ከሳምንት በኋላ ስጡት። የበር ቁልፍ ግን እኔ በበኩሌ ለሚያወራ ነገር አልሰጥም። ቴሌቪዥኑ የተናገረውን የእናንተ ትእዛዝ መስሎት ሊታዘዝ ይችላል።

ካሜራ ያለው መሆኑን ደግሞ አትርሱ። በ2022 ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው እንደዘገበው፣ ለሙከራ በየቤቱ የገቡ የወለል መጥረጊያ ሮቦቶች ያነሷቸው ፎቶዎች ሾልከው ወጥተዋል። አንዷ ሴት መጸዳጃ ላይ እንደተቀመጠች ነው። ፎቶዎቹ የወጡት ምስል እየለዩ ሶፍትዌሩን በሚያሠለጥኑ ሰዎች በኩል ነበር። መኝታ ቤትና መታጠቢያ አይግባ፣ አለቀ።

ለልጅ ሳይነግሩ መስጠት

ልጅ ሮቦቱን ጓደኛ ያደርገዋል። ሞክሲ ሊዘጋ ሲል ብዙ ወላጅ ምን እንደሚል ጠፍቶት ነበር። ኩባንያው ራሱ ነገሩን ለልጆች የሚያስረዳ ደብዳቤ እስከማዘጋጀት ደርሷል። አዋቂም ቢሆን አይድንም። ሶኒ የድሮዎቹን አይቦዎች መጠገን ሲያቆም፣ ጃፓን ቺባ ውስጥ ባለ ቤተ መቅደስ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎላቸዋል። ገና ሲመጣ «ይሄ ማሽን ነው፣ አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል» በሉት።

አማርኛ ይሰማ እንደሆነ አለመጠየቅ

ለእናታችሁ የምትገዙ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል። የአማዞን የድምፅ ረዳት አሌክሳ እንኳ አማርኛ አይሰማም። የኒውዮርክ ግዛት ከ2022 ጀምሮ ለአረጋውያን ያደለው ኤሊኪው የተባለ ሮቦት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን «አረ ልጄ፣ እንደው ደህና ነኝ» ለምትል እናት የተሠራ አይደለም። አፑ ላይ አማርኛ የሚል ምርጫ ብታዩም አትሸወዱ፤ የአፑ ጽሑፍ መተርጎምና የሰውን ንግግር መስማት ለየቅል ናቸው። ጠይቁ፦ የሚሰማው ምን ምን ቋንቋ ነው?

አገር ቤት ልትልኩት ከሆነ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ። 100-240 ቮልት ካላለና 110 ብቻ ካለ፣ አዲስ አበባ ሶኬት ላይ በገባበት ቅጽበት ይቃጠላል። ሮቦቱንም በእጅ ሻንጣ ያዙት። የአዲስ አበባው ኩባንያ አይኮግ ላብስ ሶፍትዌሯን በመሥራት የተሳተፈባት ሮቦቷ ሶፊያ እንኳ በ2018 ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶባት ነበር።