ሪሴት ፊልተር የገባበት የሰርቮ ስቴጅ ሲንቀጠቀጥ፦ ችግርና መፍትሄ

የሰርቮ ስቴጅ ቦታውን በሴንሰር እየለካ በመቆጣጠሪያ ዑደት (ሉፕ) ወደ ዒላማው የሚነዳ መድረክ ነው፤ በዒላማውና በተለካው ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት ስህተት እንለዋለን። ሊኒየር ኢንቴግሬተር (ስህተቱን በጊዜ ሂደት የሚያጠራቅም ተራ ክፍል) 90 ዲግሪ የፌዝ መዘግየት ያመጣል፤ ማለትም የውጤቱ ሞገድ ከግቤቱ ያን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ክሌግ እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረበው ኢንቴግሬተር ግን ስህተቱ ዜሮን ባቋረጠ ቁጥር ያጠራቀመውን ይጥላል (ሪሴት ያደርጋል)፤ በዲስክራይቢንግ ፈንክሽን (የውጤቱን መሠረታዊ ድግግሞሽ ብቻ በሚያይ ግምታዊ ስሌት) ሲሰላ መዘግየቱ ወደ 38 ዲግሪ ይወርዳል። ያንን 52 ዲግሪ ትርፍ ለማግኘት ስንል ነው ከታች ያሉትን ችግሮች የምንታገላቸው።

ከሁሉ በፊት ሪሴቱን አጥፍታችሁ ሉፑን ብቻውን ፈትኑት። ያለ ሪሴትም የማይረጋ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ቦታው ደርሶ አልረጋ ሲል

ስቴጁ ዒላማው ላይ ደርሶ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የስህተቱ ቅርጽም በየዑደቱ ራሱን ይደግማል። ምክንያቱ እንደ ኬብል ጉተታ ወይም ስበት ያለ ቋሚ ኃይል ነው። ኢንቴግሬተሩ ይህን ለመቋቋም ያጠራቀመውን ሪሴቱ ይደመስሰዋል፣ ስቴጁ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይጠራቀማል። መፍትሄው ከክሌጉ ጎን ለጎን ሪሴት የማይነካው ሊኒየር ኢንቴግሬተር ማስገባት ነው፤ ማዕዘን ድግግሞሹን (ኢንቴግሬተሩ ከዚያ በታች የሚያይልበትን) ከባንድዊድዝ (ሉፑ በደንብ ሊከተለው ከሚችለው ድግግሞሽ ጣሪያ) አንድ አሥረኛ ላይ ጀምሩ። ክሌጉ ካጠራቀመው ግማሹን ብቻ መጣልም ይቻላል፤ ያኔ መዘግየቱ ወደ 67 ዲግሪ ይመለሳል፣ ሦስተኛው ሃርሞኒክም (ሪሴቱ የሚፈጥረው፣ የግቤቱ ሦስት እጥፍ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ) ከመሠረታዊው 26 በመቶ ወደ 13 ይወርዳል። ይህ ግን ውዝዋዜውን ያሳንሳል እንጂ ብቻውን አያጠፋም።

ሪሴቱ ያለ ልክ ሲበዛ

ሪሴት በተደረገ ቁጥር ከፍ የሚል ቆጣሪ ኮዱ ውስጥ አስገቡ። ስቴጁ ቆሞ ሳለ ቆጣሪው በየሳምፕሉ (በእያንዳንዱ ንባብ) የሚጨምር ከሆነ የማቋረጫ ፍተሻችሁን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «የአሁኑና ያለፈው ስህተት ብዜት ከዜሮ ካልበለጠ ሪሴት አድርግ» የሚል ነው። ኢንኮደሩ (ቦታውን የሚለካው ሴንሰር) በደረጃ ስለሚያነብ ስህተቱ ለብዙ ሳምፕል ልክ ዜሮ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ብዜቱም ዜሮ ይሆናል፣ ኢንቴግሬተሩም ምንም ማጠራቀም አይችልም። የመጨረሻውን ዜሮ ያልሆነ ምልክት ያዙና በእርግጥ ሲገለበጥ ብቻ ሪሴት አድርጉ።

ለሴንሰር ኖይዝ ደግሞ በሁለት ሪሴቶች መካከል ዝቅተኛ ጊዜ ወስኑ። ለምሳሌ በ150 ሄርዝ የዜሮ ማቋረጫዎች በ3.3 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ 1 ሚሊሰከንድ (በሰከንድ 10,000 ጊዜ በሚያነብ፣ ማለትም በ10 ኪሎሄርዝ፣ 10 ሳምፕል) ትክክለኛውን ሳይነካ ሐሰተኛውን ያግዳል።

ያልሰጣችሁት ድግግሞሽ ሲሰማ

ግቤቱ 150 ሄርዝ ሆኖ 450 ላይ ጫፍ ከታየ ግቤቱን ወደ 140 አውርዱት። ጫፉ ወደ 420 ከተከተለ የሪሴቱ ሦስተኛ ሃርሞኒክ ነው፤ 450 ላይ ከቀረ የመካኒኩ ሬዞናንስ (የራሱ የተፈጥሮ ንዝረት) እየተነቃነቀ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ከባዱ። 300 ሄርዝም ከታየ በስህተቱ ላይ ቋሚ ክፍል አለ፣ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሱ።

መፍትሄው በቅደም ተከተሉ ነው፦ ሊድ ፊልተሩን (ፌዝን ወደ ፊት የሚገፋውን) ከሪሴቱ በፊት፣ ሎው ፓሱን (ከፍተኛ ድግግሞሽን የሚቀንሰውን) እና ኖቹን (አንድን ድግግሞሽ ለይቶ የሚያጠፋውን) ከሪሴቱ በኋላ አድርጉ። ኋላ የሚመጡት ሃርሞኒኮቹን ያዳክማሉ። ከፊት ያለው ሊድ ኖይዙን ስለሚያጎላ ግን ሐሰተኛ ሪሴት ይጨምራል፤ ሴንሰራችሁ ንጹሕ ካልሆነ ከጊዜ ገደቡ ጋር ብቻ ተጠቀሙበት።

ይህም ካልበቃ ወደ ሀይብሪድ ኢንቴግሬተር-ጌይን (ከኢንቴግሬተርና ከጌይን፣ ማለትም ስህተቱን በቋሚ ቁጥር ከሚያባዛ ክፍል፣ የተዳቀለ) ሂዱ። ውጤቱ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ስለማይዘል ሃርሞኒኩ ይለዝባል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እንደ ተራ ኢንቴግሬተር አስሉና ውጤቱን በዜሮና በጌይን ሲባዛ ስህተት መካከል ቁረጡት። የኢንቴግሬተሩን ድግግሞሽ ከልክ በላይ ከፍ ካደረጋችሁት ሁልጊዜ ጠርዙ ላይ ይቀመጥና ተራ ጌይን ይሆናል።

ስሌቱ የሰጠው ፌዝ በልኬት ሲጠፋ

ዲጂታል መቆጣጠሪያው ራሱ ይዘገያል፤ በ10 ኪሎሄርዝ የአንድ ሳምፕል ተኩል መዘግየት 150 ማይክሮሰከንድ ነው፤ በ150 ሄርዝ 8 ዲግሪ ይበላል። ከ52ቱ ቀንሱት።