ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ልጆችን የአፍ ቁስል ሕመም ሲያስታግሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኬሞቴራፒ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሚያጠቃ ከካንሰሩ ጋር የአፍን ስስ ሽፋንም ይጎዳል። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ5 እስከ 10 ቀናት ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ከሚያንሱበት ወቅት ጋር ስለሚገጥም ጀርም በቀላሉ ወደ ደም ይገባበታል።

ስለዚህም ከሁሉ የከፋው ስህተት የሰውነትን ሙቀት ሳይለኩ ፓራሲታሞል መስጠት ነው። ሕመሙን ቢያስታግስም የኢንፌክሽን ምልክት የሆነውን ትኩሳት ይደብቃል፤ ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) ባነሰበት ልጅ ላይ መድማትን ስለሚያባብሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡም።

«ያመዋል» ብሎ አፉን ማጽዳት መተውም ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በጣም ለስላሳ ብሩሽ፣ እሱም ካልተቻለ በውኃ የራሰ ንጹሕ ጎዝ ይበቃል። ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና የዚያን ግማሽ ጨው በጥብጦ በቀን ደጋግሞ ማጉመጥመጥ ይረዳል፤ መትፋት የማይችል ሕፃን ግን አይጉመጥመጥ። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ያቃጥላል፣ ያደርቃልም።

ማደንዘዣ ጄል ከፋርማሲ ገዝቶ መቀባት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ሆኖም በእንዲህ ዓይነቱ ጄል ውስጥ የሚገኘው ሊዶካይን የተባለ ማደንዘዣ ሲበዛና ሲዋጥ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ፣ ጉሮሮንም አደንዝዞ ልጁን ትን ሊያስብለው ይችላል።

ዘመድ አዝማድ በቅንነት የሚያመጣው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የተላጠውን ሥጋ ይለበልባል። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ልጁ መዋጥ ሲያቅተው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ማስቆረጥ ግን፣ ፕላትሌቱና ነጭ የደም ሕዋሱ ባነሰበት በዚህ ወቅት፣ ሕይወቱን ሊያሳጣው የሚችል ድርጊት ነው።

የራበው ልጅ በርበሬ በነካው ወጥ ወይም በትኩስ አጥሚት በግድ ሲጎርስ ምግብን መፍራት ይጀምራል። ሐኪሙ ያዘዘውን ማስታገሻ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም አድርጎ መስጠትና፣ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ የተፈጨ ሙዝ ወይም አቮካዶ በትንሽ በትንሹ ማቅረብ ይሻላል። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪሙ ሞርፊን ቢያዝ «ሱስ ይሆንበታል» ብሎ መከልከል አይገባም፤ ለሕመም በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ሱስ የማስያዙ ዕድል አነስተኛ ነው። ልጁ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከአፉ የሚፈሰው ደም ካላቆመ ግን ቤት ውስጥ የሚደረገው እርዳታ አይበቃውምና ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይወሰድ።