ቃላቱ ትክክል፣ ሒሳቡ ዜሮ፦ የቢትኮይን ዋሌት ሲመለስ

የተበላሸው ሃርድዌር ዋሌት (የቢትኮይን ቁልፎችን የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) 24 የመጠባበቂያ ቃላት አዲሱ መሣሪያ ላይ ሲገቡ ያለ ችግር ተቀበላቸው፤ ሒሳቡ ግን ዜሮ አለ። ገንዘቡ አልጠፋም። የመጨረሻው ቃል ማረጋገጫ ስላለበት፣ አንድ ቃል ቢሳሳት መሣሪያው እምቢ ማለቱ አይቀርም ማለት ይቻላል።

ፍንጩ ድሮ ገንዘብ የተቀበሉበት አድራሻ ነው። ዋሌት ከእነዚያው ቃላት አድራሻዎችን የሚያወጣባቸው በቁጥር የተለዩ «መንገዶች» አሉ። አድራሻው በ3 ይጀምራል፤ ይህ የ49 መንገድ ነው። አዲሱ ዋሌት የከፈተው 84ን፣ ማለትም በ«ቢሲ1» የሚጀምሩትን ብቻ ነው። በ1 ቢጀምር ኖሮ 44 ይሆን ነበር።

መፍትሔው፦ ቃላቱን ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ ሳይጽፉ መሣሪያውን በዩኤስቢ ከስፓሮው (የኮምፒውተር ዋሌት ፕሮግራም) ጋር ማገናኘት፣ አዲስ ዋሌት ከፍቶ የስክሪፕት ዓይነቱን «ኔስትድ ሴግዊት» (የ49 መንገድ ስም) ማድረግ። ሒሳቡ መጣ። ከፊሉ ከጎደለ ጋፕ ሊሚቱን (ዋሌቱ ፍለጋውን ከማቆሙ በፊት በተከታታይ የሚያያቸውን ባዶ አድራሻዎች ብዛት) ከ20 ወደ 100 ከፍ ያድርጉ።

አሁንም ዜሮ ከሆነ ፓስፍሬዙን (በ24ቱ ቃላት ላይ ባለቤቱ የሚጨምረውን የራሱን ምስጢር ቃል) ይጠርጥሩ፦ አንድ ክፍት ቦታ ወይም ትልቅ ፊደል ሲለወጥ ስሕተት ነው ሳይል ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍታል። እንዲህ ያለ ክፉ አሠራር የለም! በዚህ መሃል «እናስመልስልዎ» ብሎ በቴሌግራም ቃላቱን የሚጠይቅ ሌባ ነው። 49 የሚለውን የመንገድ ቁጥር ከቃላቱ ጎን ወረቀቱ ላይ ይጻፉት፤ ፓስፍሬዙ ግን ሌላ ቦታ ይቀመጥ።